ኦቶ ሬሃግል፤ የተናቁት ቡድኖች ንጉስ

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 29 ቀን 1978፤ ዱሰልዶርፍ፣ ራይን ስታዲየም። የቡንደስሊጋው የመጨረሻ ቀን ነው። ቦሩሲያ ሞንቼግላድባህና ኮሎኝ በነጥብ እኩል ናቸው፤ ኮሎኝ ግን በጎል ክፍያ በ10 ይበልጣል። ግላድባህ ዋንጫ ከፈለገ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፤ ጎል ማዝነብ አለበት። እውነትም አዘነበ። ለእረፍት ሲወጡ 6ለ0፣ ጨዋታው ሲያልቅ 12ለ0! ዩፕ ሄይንከስ ብቻውን አምስት አገባ። ምን ዋጋ አለው? ኮሎኝ በሌላ ሜዳ 5ለ0 አሸንፎ በሦስት ጎል ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያን ቀን 12 ጎል የተቆጠረበት ቡድን ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ የ39 ዓመቱ ኦቶ ሬሃግል። በቡንደስሊጋ ታሪክ ከዚህ የባሰ ሽንፈት እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። ዶርትሙንድ በማግስቱ አሰናበታቸው። ጨዋታው ተሽጧል የሚል ሐሜትም ተነሳ። ጋዜጦቹ በስማቸው ቀለዱበትና «ቶርሃግል» አሏቸው፤ በጀርመንኛ «የጎል በረዶ» እንደማለት ነው። መቼም የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የሰውየው የአሰልጣኝነት ዘመን እዚያው ያበቃ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ።

ከ26 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ ጁላይ 4 ቀን 2004፣ እኚሁ ሰው ሊዝበን ላይ ከግሪክ ብሔራዊ ቡድን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን አነሱ። ጎል እንደ በረዶ የወረደባቸው አሰልጣኝ ከሩብ ፍፃሜ እስከ ፍፃሜ አንድም ጎል ሳይቆጠርባቸው ነው ዋንጫውን የወሰዱት።

በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያለው ታሪክ ዝም ብሎ የ«ወድቆ መነሳት» ታሪክ አይደለም። ሬሃግል በሄዱበት ሁሉ አላሸነፉም። ትልቅ ስም፣ ትልቅ ገንዘብና ብዙ አዛዥ ባለበት ቤት ክፉኛ ወድቀዋል። ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረው፣ ግን ሙሉ ስልጣን በሰጣቸው ቡድን ውስጥ ደግሞ ሌሎች በህልማቸውም ያላዩትን ሰርተዋል። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሰውየው ዘመን ያለፈባቸው ዕድለኛ ነበሩ ወይስ ሌሎች ያላዩትን የሚያዩ አሰልጣኝ?

ቀለም ቀቢው ተከላካይ

ሬሃግል እ.ኤ.አ ኦገስት 9 ቀን 1938 ኤሰን ውስጥ ተወለዱ። ኤሰን የጀርመን የከሰል ድንጋይና የብረት አገር የሆነው የሩር አካባቢ ከተማ ናት። ልጅነታቸው ጦርነትና ከጦርነት በኋላ የመጣው ችግር ነው። የተማሩት ሙያ ቀለም ቅብ ሲሆን ኳስ እንጀራ እስክትሆናቸው ድረስም በዚሁ ሰርተዋል። የሰፈራቸው ወንዶች ከሰል ከርሰ ምድር ውስጥ ገብተው የሚያወጡ፣ ተራ በተራ የሚተማመኑ ሰዎች ነበሩ። ሬሃግል በኋላ ላይ የሰሯቸው ቡድኖች ሁሉ የዚያን ሰፈር ጠባይ የያዙ ይመስላሉ።

በተጫዋችነት ዘመናቸው ተከላካይ ነበሩ፤ ያውም አጥቂዎች የማይወዱት ዓይነት። ለከተማቸው ክለብ ለሮት ቫይስ ኤሰን ተጫውተው ወደ ሄርታ በርሊን አመሩ። ቡንደስሊጋው በኦገስት 1963 ሲጀመር በመክፈቻው ቀን ለሄርታ ከተሰለፉት አንዱ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ ካይዘርስላውተርን ሄደው እስከ 1972 ቆዩ። ጫማቸውን ሲሰቅሉ 201 የቡንደስሊጋ ጨዋታ አድርገዋል። ብሔራዊ ቡድን አልተጠሩም፣ ዋንጫም አላነሱም።

አሰልጣኝ ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንከራተት ነበሩ። ኦፈንባህ፣ ለአጭር ጊዜ ብሬመን፣ ከዚያ ዶርትሙንድ፤ ከ12ለ0 በኋላ ደግሞ ቢለፌልድና ፎርቱና ዱሰልዶርፍ። በ1980 ዱሰልዶርፍን ይዘው ኮሎኝን 2ለ1 በማሸነፍ የጀርመንን ዋንጫ ወሰዱ፤ በአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ትልቅ ዋንጫቸው ነው። ግን ያም አላቆያቸውም፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተሰናበቱ። 42 ዓመት ሆኗቸዋል፣ ስማቸው ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ዋንጫውን ሳይሆን 12ቱን ጎል ነው።

14 ዓመት በብሬመን

በ1981 የጸደይ ወራት የቨርደር ብሬመን አሰልጣኝ በመኪና አደጋ ተጎድተው ስራ አቆሙ። ብሬመን ያን ጊዜ በሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚገኝ ክለብ ነው። ለጊዜው ቦታውን የሚሸፍን ሰው ሲፈለግ ስራ ፈት የነበሩት ሬሃግል ተጠሩ። ቡድኑን ይዘው ወደ ቡንደስሊጋ አደጉ። ለጊዜው የተጠሩት አሰልጣኝ እስከ 1995 ድረስ፣ 14 ዓመት ሙሉ አልወጡም።

ብሬመን እንደ ባየርን ሙኒክ ተጫዋች በገንዘብ የሚያጋብስ ክለብ አልነበረም። ስለዚህ ሬሃግል የሚፈልጉት ሌላው የተወውን፣ ወይም ገና ያላየውን ተጫዋች ነው። ሩዲ ፎለርን ከ1860 ሙኒክ አመጡት፤ በመጀመሪያው ዓመት 23 ጎል አግብቶ የቡንደስሊጋው ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በ1987 ፎለር ለሮማ ሲሸጥ «በቃ፣ ብሬመን አለቀለት» ተባለ። ሬሃግል ግን በዚያው ክረምት ከቡንደስሊጋ ከወረደው ብላው ቫይስ በርሊን ካርል ሃይንዝ ሪድለን አምጥተው በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮን ሆኑ። በዚያ ቡድን ውስጥ የ38 ዓመቱ ማንፍሬድ ቡርግስሙለር ነበር፤ በዶርትሙንድ ዘመናቸው የሚያውቁትና ሌሎች «አርጅቷል» ብለው የተውት አጥቂ። ለሬሃግል ተጫዋች ወጣትና ሽማግሌ ተብሎ አይከፈልም፤ ጎበዝና ሰነፍ ብቻ ነው ያለው።

አዲስ ተጫዋች ሲፈርም ሬሃግልና ባለቤታቸው ቤያቴ ከነሚስቱ ወይም ከነጓደኛው ጠርተው ያነጋግሩት ነበር። ሰውየው ኳስ መቻሉን ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ይሄን ሲሰማ ይስቅ ነበር። ነገር ግን ኖርዌያዊው ሩነ ብራትሴት፣ ከኒውዚላንድ የመጣው ዊንተን ሩፈር፣ ኦስትሪያዊው አንድሪያስ ሄርዞግ ሁሉም በብሬመን ከመጡበት የበለጠ ሆነው ነው የታዩት።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። በ1983 ከሃምቡርግ ጋር በነጥብ እኩል ሆነው በጎል ክፍያ ዋንጫውን አጡ። የ1986ቱ ደግሞ የባሰ ነው። የውድድሩ ማብቂያ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ብሬመን በሜዳው ባየርን ሙኒክን ገጠመ፤ ካሸነፈ ሻምፒዮን ነው። 0ለ0 እያሉ ሊያልቅ ሲል ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ለመምታት የቆመው ሚካኤል ኩትሶፕ በቡንደስሊጋ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ፍፁም ቅጣት ምት ስቶ አያውቅም። ኳሷ የበሩን ቋሚ መትታ ተመለሰች። ብሬመን በመጨረሻው ጨዋታ ሽቱትጋርት ላይ 2ለ1 ተሸነፈ፤ ዋንጫው በጎል ክፍያ የባየርን ሆነ።

ከዚህ በኋላ ስንቱ ክለብ ነው አሰልጣኙን የማያባርር? ብሬመን ግን አላባረረም። ሬሃግልም የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው፤ «ቁጥጥር ያልተለየው ማጥቃት»። ማጥቃቱ ይኑር፣ ግን በሩን ከፍቶ የሚሄድ የለም። በ1988 ሻምፒዮን ሲሆኑ በ34 ጨዋታ የተቆጠረባቸው 22 ጎል ብቻ ነው፤ በጊዜው የሊጉ ሬከርድ ነበር። በ1993 ደግሞ በመጨረሻው ቀን ሽቱትጋርትን በሜዳው 3ለ0 አሸንፈው ባየርንን በአንድ ነጥብ ቀደሙ። ከሰባት ዓመት በፊት ያለቀሱበት ከተማ ላይ ነው ዋንጫውን የበሉት።

በአውሮፓም ቢሆን ብሬመን የሚፈራ ሆነ። በ1989 በዩኤፋ ካፕ የማራዶናን ናፖሊ በሜዳው 3ለ2፣ ብሬመን ላይ ደግሞ 5ለ1 ሸኙት። በ1992 በአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍፃሜ ሊዝበን ላይ በአርሰን ቬንገር የሚሰለጥነውን ሞናኮን 2ለ0 አሸነፉ። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው የ35 ዓመቱ ክላውስ አሎፍስ ነው፤ በ1980 በዱሰልዶርፍ ዋንጫ ሲያነሱ አብሯቸው የነበረ ልጅ። ሁለት የሊግ፣ ሁለት የጀርመን ዋንጫና አንድ የአውሮፓ ዋንጫ ከአንዲት የወደብ ከተማ ክለብ ጋር! «ንጉስ ኦቶ» የሚለው ስም ያኔ ወጣላቸው።

ብዙ አባወራ ያለበት ቤት

በ1995 ባየርን ሙኒክ ጠራቸው። ሬሃግል 56 ዓመታቸው ነበር፤ ትልቁን ወንበር እምቢ የሚል አሰልጣኝ የለም። የሚገርመው የብሬመን የመጨረሻ ጨዋታቸው ሙኒክ ላይ ከዚያው ከባየርን ጋር መሆኑ ነው። ብሬመን ዋንጫውን ለማንሳት እስከዚያች ቀን ድረስ ይፎካከር ነበር። 3ለ1 ተሸነፉ፤ ዋንጫውም የዶርትሙንድ ሆነ። የ14 ዓመት ትዳር በዚህ ዓይነት ተፈታ።

ባየርን ለአዲሱ አሰልጣኝ ዩርገን ክሊንስማንን፣ ሲሪያኮ ስፎርዛን፣ ከብሬመን ደግሞ ሄርዞግን ገዛ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፉ። ሁሉም ነገር ያማረ መሰለ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በብሬመን የሬሃግል ቃል የመጨረሻ ቃል ነበር። ባየርን ቤት ግን ፕሬዝዳንቱ ፍራንዝ ቤከንባወር ናቸው፤ ማናጀሩ ኡሊ ሄነስ፤ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ካርል ሃይንዝ ሩመኒገ። ሦስቱም የዓለም ኮከብ የነበሩ፣ ሦስቱም ስለ ኳስ የሚናገሩት ያላቸው። የመልበሻ ቤቱ ወሬ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ክለቡን «ኤፍ ሲ ሆሊውድ» ይሉት የነበረው እኮ በዚያ ዘመን ነው። ብሬመን ላይ አባት የነበሩት ሰው ሙኒክ ላይ ተቀጣሪ ሆኑ። ከዋክብቱም እንደ ብሬመን ልጆች አልሰሟቸውም።

በኤፕሪል 1996 መጨረሻ ባየርን በሜዳው በሀንዛ ሮስቶክ 1ለ0 ሲሸነፍ ሬሃግል ተባረሩ። ያውም ባርሴሎናን በግማሽ ፍፃሜ ጥለው ቡድኑን ለዩኤፋ ካፕ ፍፃሜ ካደረሱ በኋላ፣ የመጀመሪያው የፍፃሜ ጨዋታ ቀናት ሲቀሩት። ቤከንባወር ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ቦርዶን አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። ሬሃግል ያበሰሉትን ሌላ ሰው በላው። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ከሁለተኛ ዲቪዚዮን እስከ ዋንጫ

በዚያው ሰሞን ሌላም ቤት ለቅሶ ነበር። ካይዘርስላውተርን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቡንደስሊጋ ወረደ። በ1990 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ለጀርመን የዋንጫዋን ጎል ያገባው አንድሪያስ ብሬመ በሌቨርኩሰን ሜዳ ቆሞ ሲያለቅስ ያቀፈው የተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ሩዲ ፎለር ነው፤ የሬሃግል የድሮ ልጅ።

የተባረሩት አሰልጣኝና የወረደው ክለብ ተገናኙ። ካይዘርስላውተርን 100 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት፣ ስታዲየሟ ኮረብታ ላይ የተሰራ ትንሽ ከተማ ናት። ሬሃግል እዚያ ስድስት ዓመት ተጫውተዋል፤ ሰዉ ያውቃቸዋል። ብሬመም ክለቡን ጥሎ አልሄደም። በ1997 የሁለተኛ ዲቪዚዮኑ አንደኛ ሆነው ተመለሱ።

ከዚያ የዕጣው ነገር! የ1997/98 የመጀመሪያ ጨዋታ ከማን ጋር ወጣ? ከባየርን ሙኒክ ጋር፣ ሙኒክ ላይ። ኦገስት 2 ቀን 1997፤ አንዱ ወገን ጆቫኒ ትራፓቶኒና ከዋክብቶቻቸው፣ ሌላው ወገን ከታች የመጡት። በ80ኛው ደቂቃ ዴንማርካዊው ሚካኤል ሾንበርግ በግንባሩ ገጭቶ አገባ። 1ለ0። ሰዉ «አንድ ቀን ነው፣ ያልፋል» አለ። አላለፈም። ካይዘርስላውተርን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንደኝነቱን ያዘና አልለቅም አለ። በመልሱ ጨዋታም ባየርንን 2ለ0 ደገመው።

ቡድኑን ያየ ሰው የሬሃግልን እጅ ያውቀዋል። ስፎርዛ በባየርን አብሯቸው የከረመ፣ በኢንተር አንድ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ነው። ብሬመ 37 ዓመቱ ነው። ኦላፍ ማርሻል 21 ጎል አገባ። ከታችኛው ሊግ ከኬምኒትዝ የመጣ አንድ የ20 ዓመት ልጅም አለ፤ ስሙ ሚካኤል ባላክ ነው። ሜይ 2 ቀን 1998 ቮልፍስቡርግን 4ለ0 ሲያሸንፉ ባየርን ዱይስቡርግ ላይ 0ለ0 ወጣ። አንድ ጨዋታ እየቀረ ዋንጫው ኮረብታው ላይ ወጣ። ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ባደገበት ዓመት የቡንደስሊጋ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም አልታየም።

ይሄ በቀል ነው? ሬሃግል በቀል ብለው አያውቁም። «እውነቱ ያለው ሜዳ ላይ ነው» የሚል የታወቀ አባባል አላቸው፤ ያን ዓመት ከዚህ ሌላ መናገር አላስፈለጋቸውም። ቢሆንም ነገሩ ለዘላለም አልቆየም። በተከታዩ ዓመት በቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍፃሜ ላይ ያው ባየርን በድምሩ 6ለ0 አሰናበታቸው። በኦክቶበር 2000 ሬሃግል ካይዘርስላውተርንን ለቀቁ። 62 ዓመታቸው ነበር። ጡረታ የሚወጡ መሰለ።

«ዲሞክራሲያዊ አምባገነንነት»

በ2001 ክረምት የግሪክ ፌዴሬሽን ሲጠራቸው ብዙ ሰው አልገባውም ነበር። የግሪክ ብሔራዊ ቡድን እስከዚያ ድረስ በትልቅ ውድድር አንድም ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። በ1994 የዓለም ዋንጫ ሦስት ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸነፈ፤ አንድ ሳያገባ 10 ገባበት። ኦሊምፒያኮስ፣ ፓናቲናይኮስና ኤኢኬ የሚባሉት የአቴንስና የፒሬየስ ክለቦች ጠብ ብሔራዊ ቡድኑ ድረስ ይዘልቅ ነበር። የሬሃግል የመጀመሪያ ጨዋታ ሄልሲንኪ ላይ ነበር፤ ፊንላንድ 5 ግሪክ 1። የጎል በረዶው እንደገና ጀመረ የሚያሰኝ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ግን ኦልድ ትራፎርድ ላይ እንግሊዝን 2ለ1 እየመሩ 90 ደቂቃው አለቀ። ዴቪድ ቤካም በጭማሪ ሰዓት ያገባት ዝነኛዋ ቅጣት ምት ናት ያስጣለቻቸው። እንግሊዞች የሚያስታውሱት ቤካምን ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሌላ ቡድን እየተወለደ እንደነበር ያስተዋለ ጥቂት ነው።

ሬሃግል ግሪክኛ አይችሉም። ጀርመን አገር ያደገው ረዳታቸው ዮአኒስ ቶፓሊዲስ እያስተረጎመላቸው ነው የሚያሰለጥኑት። አንድ ነገር ግን በማንም ቋንቋ አስረዱ፤ እዚህ ቤት የክለብ ማሊያ በር ላይ ይቀራል። ግሪኮች ዲሞክራሲን ፈጠሩ፣ እኔ ደግሞ ዲሞክራሲያዊ አምባገነንነትን አመጣሁላቸው ብለው ቀልደዋል። ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነቱ ይሄው ነው። ድሮ እያንዳንዱ የፈለገውን ይሰራ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የሚችለውን ይሰራል ይሉ ነበር።

የ2004 ማጣሪያ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በስፔንና በዩክሬን ተሸነፉ። ከዚያ ስድስቱን በተከታታይ አሸነፉ፤ በስድስቱም አንድ ጎል አልተቆጠረባቸውም። ስፔንን እዚያው አገሯ ገብተው 1ለ0 ነው የረቷት። ምድቡን በአንደኝነት ጨርሰው ፖርቱጋል ገቡ።

ጁን 12 ቀን በመክፈቻው ፖርቶ ላይ አዘጋጇን ፖርቱጋልን 2ለ1 አሸነፉ። ዓለም «አጋጣሚ» አለ። ከስፔን 1ለ1 ወጡ፤ በሩሲያ 2ለ1 ተሸነፉ። ከስፔን ጋር በነጥብም በጎል ክፍያም እኩል ሆነው፣ ብዙ ጎል በማግባት ብቻ ነው ያለፉት። ዚሲስ ቭሪዛስ ሩሲያ ላይ ያገባት አንዲት ጎል ባትኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ታሪክ አይኖርም ነበር።

በሩብ ፍፃሜ ፈረንሳይ መጣች፤ የዋንጫው ባለቤት፣ ዚዳንና ኦንሪ ያሉባት። በ65ኛው ደቂቃ አምበሉ ቴዎዶሮስ ዛጎራኪስ በቀኝ በኩል አልፎ አሻገረ፣ አንጌሎስ ካሪስቲያስ በግንባሩ ገጨ። 1ለ0። በግማሽ ፍፃሜ ቼክ፤ እስከዚያ አራቱንም ጨዋታ ያሸነፈች፣ ሁሉም ዋንጫውን ትበላለች ያላት። ጭማሪው የመጀመሪያ አጋማሽ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ቫሲሊስ ፂያርታስ የማዕዘን ምት ሲያሻማ ትራያኖስ ዴላስ በግንባሩ። በሲልቨር ጎል ሕግ ጨዋታው እዚያው አለቀ። 1ለ0።

ጁላይ 4 ሊዝበን፤ አዲሱ የሉዝ ስታዲየም። ከ12 ዓመት በፊት ሬሃግል ከብሬመን ጋር የአውሮፓ ዋንጫ ያነሱት ከጎኑ በነበረው አሮጌው ሉዝ ነው። ፊት ለፊታቸው እንደገና ፖርቱጋል። ፊጎ፣ ዴኮ፣ የ19 ዓመቱ ክርስቲያኖ ሮናልዶ። በ57ኛው ደቂቃ አንጌሎስ ባሲናስ የማዕዘን ምቱን መታ፤ ካሪስቲያስ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ ገጫት። 1ለ0። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ጎል፣ ሦስቱም በግንባር። ሮናልዶ አለቀሰ። አቴንስ አበደች። ካሪስቲያስ ደግሞ ያን ጊዜ በየትኛው ክለብ ነበር የሚጫወተው? በቨርደር ብሬመን!

ያን ጊዜ ስድቡ ብዙ ነበር። «ኳስ ገደሉ» ተባለ። በ2004 ማን ነው ሊቤሮ የሚያጫውት? ማን ነው ሰው በሰው የሚይዝ? ይሄ እኮ የሰባዎቹ ጨዋታ ነው ተባለ። ሬሃግል ለዚህ ያላቸው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዘመናዊ ማለት የሚያሸንፍ ነው»። መልሱ ትዕቢት ሊመስል ይችላል። ግን ዛጎራኪስን፣ ዴላስንና ካሪስቲያስን ይዞ ከፈረንሳይ ጋር እንደ ፈረንሳይ ልጫወት የሚል አሰልጣኝ የመጨረሻው 4ለ0 ነው። ሬሃግል ያላቸውን ቆጥረው፣ ባላቸው ልክ ቤት ሰሩ። የውድድሩ ኮከብ ሆኖ የተመረጠውም ያው ዛጎራኪስ ነው። እስከ 2024ቱ ውድድር ድረስ የሌላ አገር ቡድን እያሰለጠነ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳ ከሬሃግል በቀር ማንም የለም።

በዚያው ውድድር ጀርመን በፎለር እየተመራች ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች፤ ፎለርም ለቀቀ። የጀርመን ፌዴሬሽን ሬሃግልን ጠየቀ። እምቢ አሉ፤ ከግሪክ ጋር ውል አለኝ አሉ። የአገራቸውን ቡድን የወሰደው ክሊንስማን ነው፤ በባየርን ያልተግባባቸው አጥቂ። ሬሃግል ከሙኒክ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ይመስላል፤ ትልቅ ቤት ሁሉ የራስ ቤት አይሆንም።

እዚያው ቦታ ላይ

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ድል አይደለም። ግሪክ ለ2006ቱ የዓለም ዋንጫ አላለፈችም። በ2008 የአውሮፓ ሻምፒዮንነቷን ልታስከብር ሄዳ ሦስቱንም ተሸንፋ ተመለሰች። ፌዴሬሽኑ ግን አላባረራቸውም። ለ2010 የዓለም ዋንጫ ዩክሬንን ጥለው ደቡብ አፍሪካ ገቡ፤ ብሉምፎንቴን ላይ ናይጄሪያን 2ለ1 አሸነፉ። በዓለም ዋንጫ የግሪክ የመጀመሪያዋ ጎልም፣ የመጀመሪያዋ ድልም ያኔ ነው። ከውድድሩ በኋላ የ71 ዓመቱ አዛውንት በ106 ጨዋታ የመሩትን ቡድን በፈቃዳቸው ተሰናበቱ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! በፌብሩዋሪ 2012 ግን የመጀመሪያ የቡንደስሊጋ ክለባቸው ሄርታ በርሊን «አድኑን» አላቸው። 73 ዓመታቸው ነው። ሊወርድ የደረሰ ቡድን፣ ሦስት ወር የማይሞላ ጊዜ። ሬሃግል መድኃኒታቸው ጊዜና እምነት ነው፤ ሄርታ ደግሞ ሁለቱም አልነበረውም። ለመቆየት ወይም ለመውረድ በሚደረገው የመለያ ጨዋታ የደረሳቸው ፎርቱና ዱሰልዶርፍ ነው፤ የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያነሱበት ክለብ። በርሊን ላይ 2ለ1 ተሸነፉ። በሜይ 15ቱ የመልስ ጨዋታ 2ለ2 እያሉ የሄርታ ደጋፊዎች ርችት ሜዳ ውስጥ ወረወሩ፤ ጨዋታው ሳያልቅም የዱሰልዶርፍ ደጋፊዎች «አደግን» ብለው ሜዳውን ወረሩት። ከረጅም መቋረጥ በኋላ የቀረችው ደቂቃ ተጫውተው ሄርታ ወረደ።

ያ ጨዋታ የተደረገበት ስታዲየም የተሰራው አሮጌው ራይን ስታዲየም ፈርሶ በዚያው ቦታ ላይ ነው። በ1978 12 ጎል የገባባቸው ቦታ ማለት ነው። በተጫዋችነትና በአሰልጣኝነት ከ1000 በላይ የቡንደስሊጋ ጨዋታ ያለፋቸው ሰው የመጨረሻ ምዕራፋቸውን የዘጉት ስማቸው በጠፋበት ሜዳ ላይ ነው።

ታዲያ ሬሃግል ምንድን ናቸው? ዶርትሙንድን የጠየቀ፣ 12ለ0 ይላል። ባየርንን የጠየቀ፣ ሥራው የከበዳቸው ሰው ይላል። በ2013፣ አቴንስና በርሊን በዕዳው ጉዳይ ዓይንና ናጫ በሆኑበት ጊዜ፣ የጀርመን መንግስት ወደ ግሪክ የላከው የሰላም መልእክተኛ ግን ባለስልጣን ወይም የባንክ ሰው አልነበረም። ግሪኮች በር የሚከፍቱለት ጀርመናዊ ማን እንደሆነ በርሊን ታውቃለች፤ ከኤሰን የመጡትን የቀድሞ ቀለም ቀቢ ላከች።